ዝም የሚል ኮምፒውተር ከፈለጋችሁ የኬዙን ፊት እዩ

የመጀመሪያውን ደስክቶፔን ስገጣጥም ኬዝ፣ ማለትም ዕቃዎቹ ሁሉ የሚገጠሙበትን ሳጥን፣ የመረጥኩት በዓይኔ ነው። ፊቱ ሙሉ ጥቁር መስታወት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ቀለም የሚቀያይሩ ሦስት ፋኖች፣ ማታ ክፍሉን ሰርግ ቤት የሚያስመስል። ሻጩ «ይሄ የጌም ኬዝ ነው፣ አየር በደንብ ይስባል» አለኝ። አመንኩት። ሦስት ፋን በዓይኔ እያየሁ ለምን አላምን?

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ቪዲዮ ኤዲት አድርጌ ኤክስፖርት የሚለውን በነካሁ ቁጥር ማሽኑ ወፍጮ ቤት ይሆናል። እናቴ ከሳሎን «አንተ፣ ይሄ ነገር ሊነሳ ነው እንዴ?» ትላለች፣ እንደ አውሮፕላን ማለቷ ነው። አብሮኝ የሚተኛው ታናሽ ወንድሜ ትራስ ጆሮው ላይ አድርጎ ማደር ጀመረ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ፣ ኩለሩን ነበር፤ ቀየርኩት። ለውጥ የለም። ከኩለሩ ስር የሚቀባውን ፔስትም ቀየርኩ። ያው ነው። አንድ ማታ ተናድጄ የፊቱን መስታወት ይዤ ወደ ራሴ ጎተትኩት፣ ቀጭ ብሎ ተነቀለ። ማሽኑ እየሠራ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ድምፁ እየሰከነ መጣ። ምስሉን የሚሠራውን የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት ሳይ ከ83 ዲግሪ ወደ 72 ወርዷል። ያው ቪዲዮ፣ ያው ፋን፣ ያው ክፍል። ለካ ሦስቱ ፋኖች መስታወት ሲጠቡ ነው የከረሙት።

እኔ ከከፈልኩ በኋላ ያወቅሁትን እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ልንገራችሁ።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ኬዝ ሁለት ዓይነት ይመስለዋል። አንዱ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ የሚያቀዘቅዝ ግን የሚጮህ። ሌላው ዙሪያውን የተዘጋ፣ ውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት፣ የሚሞቅ ግን ዝም የሚል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ሥራ ሲጀምር ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፣ ምክንያቱም ፋን የሚጮኸው ስለሚሮጥ ነው፣ የሚሮጠው ዕቃው ስለሞቀ ነው፣ ዕቃው የሞቀው ደግሞ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር ስላልደረሰው ነው። በሩን ዘግታችሁ ድምፁን ላፍን ስትሉ ፋኑን የባሰ ታስሮጡታላችሁ።

ትንሽ ቁጥር ታገሱኝ። የፋን ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር እኩል እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ ትንሽ ሲጨምር ድምፁ ብዙ ይዘላል። በደቂቃ 1500 ዙር የሚዞር ፋን ወደ 1000 ዙር ብታወርዱት ድምፁ በድምፅ መለኪያው 9 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። የሰው ጆሮ 10 ዴሲቤል ሲቀነስለት «በግማሽ ቀነሰ» ነው የሚለው፣ ስለዚህ 9 ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ከአንድ ፋን ጎን ልክ እሱን የመሰለ ሌላ ፋን በዚያው ፍጥነት ብትጨምሩ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አስቡት። አንድ ፋን በ1500 ከማስሮጥ ሁለት ፋን በ1000 ብታዞሩ የሚገባው አየር ይበልጣል፣ ድምፁ ደግሞ በ6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ ኬዝ ስትመርጡ የምትፈልጉት ብዙና ትልልቅ ፋን ቀስ ብሎ እንዲዞር የሚፈቅድ ቤት ነው።

ትልልቅ ያልኩት በምክንያት ነው። የተለመደው ፋን 120 ሚሊሜትር ነው። የ140 ሚሊሜትሩ ስፋት ከዚያ በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል፣ ስለዚህ ያንኑ አየር በዝግታ ይገፋል። ድምፁም ወፈር ያለ ነው። ወፍራም ድምፅ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል፤ እንደ ትንኝ ሲርር የሚለው ትንሹ ፋን ነው እንቅልፍ የሚነሳው።

ወንፊት ነው ወይስ ምጣድ?

ሱቅ ስትገቡ መብራቱን እርሱት። ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ መብራቱን ነው፣ ይሰካዋል፣ በሪሞት ቀለሙን ይቀያይረዋል፣ እናንተም ቆማችሁ ታያላችሁ። ተዉት ያብራ። እናንተ ግን ጎንበስ በሉና የኬዙን ፊት እዩ። ወንፊት ነው ወይስ ምጣድ? ወንፊት ከሆነ ወሬው ይቀጥላል። ድፍን ፕላስቲክ ወይም ድፍን መስታወት ከሆነ፣ አየር የሚገባው በጎንና በጎን ባሉት ስንጥቆች ብቻ ነው ማለት ነው። ስንጥቁ ውስጥ የትንሿ ጣታችሁ ጫፍ ካልገባ ትታችሁ ሂዱ። የጎን መስታወት ላይ ችግር የለብኝም፣ በዚያ በኩል አየር ስለማንፈልግ። የፊቱ ነው ጣጣ ያለው።

ወንፊትም ቢሆን ወንፊት ሁሉ አንድ አይደለም። የገብስና የጤፍ ወንፊት እንደሚለያየው ማለት ነው። ሁለት ፈተና አለችኝ። የመጀመሪያዋ፦ የፊቱን ሽፋን አስነቅሉና የስልካችሁን መብራት ከኋላው አብሩበት። ብርሃኑ ጥርት ብሎ ካለፈ አየሩም ያልፋል። ድንግዝግዝ ካለባችሁ ቀዳዳው ጠቧል፣ ወይም ከጀርባው ሌላ ነገር ተደርቧል። ሁለተኛዋ፦ መዳፋችሁን ከሽፋኑ ጀርባ አድርጉና ከፊት በኩል እፍ በሉበት። ትንፋሻችሁ መዳፋችሁ ላይ ካልተሰማ፣ በደቂቃ 800 ዙር የሚዞር ፋን ከዚያ የተሻለ አያደርግም። ሻጩ እንደ እብድ ሊያያችሁ ይችላል። ይየው፣ ብሩ የናንተ ነው።

ድርብርቡን በደንብ እዩት። አንዳንድ ኬዝ ከፊት የሚያምር ወንፊት አለው፣ ከጀርባው የናይለን ፊልተር፣ ከዚያ ደግሞ በብረቱ ላይ የተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች። እያንዳንዱ ለብቻው ምንም አይመስልም። ሦስቱ ሲደራረቡ ግን ፋኑ በጋቢ ውስጥ እንደሚተነፍስ ሰው ይሆናል። ከፊት ያለው ወንፊት ራሱ አቧራ የሚይዝ ደቃቅ ከሆነ የናይለኑን አውጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

ስም ለሚፈልግ፦ የፍራክታል ዲዛይን መሺፋይ፣ የኮርሴር 4000ዲ ኤርፍሎው፣ የሊያን ሊ ላንኩል 216 ፊታቸው በደንብ የሚተነፍስ ኬዞች ናቸው። ላንኩሉ ከፊት ሁለት ባለ 160 ሚሊሜትር ፋን ይዞ ነው የሚመጣው። በ2021 የወጣው የፍራክታል ቶረንት ደግሞ ጭራሽ ሁለት ባለ 180 ሚሊሜትር ገጥሞ ነው የመጣው፣ ማራገቢያ ነው የሚያህሉት። ዋጋውም እንደዚያው ነው። እነዚህ ካልተገኙ አትጨነቁ፤ ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁት የቻይና ኬዝ ፊቱ ወንፊት ከሆነና ከላይ ያሉትን ፈተናዎች ካለፈ፣ ምጣድ ፊት ካለው ታዋቂ ኬዝ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንዳንድ አምራች አንዱኑ ኬዝ በሁለት ፊት ይሸጣል። የኮርሴር 4000ዲ ድፍን ፊት ያለው ነው፣ 4000ዲ ኤርፍሎው ወንፊት ያለው። የኤንዚኤክስቲ ኤች510 ፊቱ ድፍን ነው፣ ኤች510 ፍሎው የሚለው ቀዳዳ አለው። ከውጭ በሰው ልታስመጡ ከሆነ የመጨረሻዋን ቃል ደጋግማችሁ ጻፉለት፣ ካልሆነ «ያው ነው ብዬ ገዛሁት» ብሎ ድፍኑን ይዞላችሁ ይመጣል።

ከፍታ ላይ እንደምንኖር አትርሱ

ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ የሚፈላውም ለዚሁ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ዙር ይዞራል፣ ያንኑ ያህል መጠን ያለው አየር ይገፋል፣ ግን የገፋው አየር ውስጥ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ነገር አነሰ።

በምሳሌ ላሳያችሁ። 300 ዋት ሙቀት የሚያወጣ ማሽን አላችሁ እንበል፣ በውስጡ በደቂቃ 1.4 ሜትር ኪዩብ አየር ያልፋል። ባሕር ጠለል ላይ የሚወጣው አየር ከገባው በ10 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ፋን፣ በዚያው ፍጥነት፣ ከ13 ያልፋል። የውጭ ሪቪው ላይ «በጣም ቀዝቃዛ ኬዝ» የተባለው እዚህ «ደህና ኬዝ» የሚሆነው ለዚህ ነው፣ እዚያ «ይበቃል» የተባለው ድፍን ኬዝ ደግሞ እዚህ ጉድ ያፈላል። የሚያካክስልን አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው፤ ክረምት ላይ ክፍላችሁ 18 ዲግሪ ከሆነ ያ ትልቅ ነገር ነው። ድሬዳዋ ያላችሁ አየሩ ትንሽ ይወፍርላችኋል ግን ይሞቅባችኋል። ኬዝ፣ ምንም ያህል ቢወደድ፣ ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም።

ፋን ስንት፣ የት?

ለአብዛኛው ሰው ከፊት ሁለት የሚያስገባ፣ ከኋላ አንድ የሚያስወጣ ይበቃል። ከተቻለ ከፊት ሦስት ይሁን። ጣሪያ ላይ ቦታ አለ ብላችሁ ሁሉንም በፋን አትሙሉት። በተለይ ጣሪያው ላይ ወደ ፊት ተጠግቶ ያለው ቀዳዳ ላይ የሚያስወጣ ፋን ብታስገቡ፣ ከፊት የገባውን ቀዝቃዛ አየር ፕሮሰሰሩ ጋ ሳይደርስ ጠልፎ ያወጣዋል። ከጣሪያ ማስወጣት ካስፈለገ ወደ ኋላ በኩል ባለው ይሁን።

ዛሬ ዋናው ሙቀት አምጪ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ለምሳሌ የኤንቪዲያ 3060 እስከ 170 ዋት ይወስዳል፣ የወሰደው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ኬዙ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የፊቱ የታችኛው ፋን ካርዱ ፊት ለፊት መዋሉን እዩ። ለዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ የሚሸፍነው ታችኛው ሳጥን ከፋኑ ፊት ቆሞ አየሩን የሚከልልበት ኬዝ አለ፤ ያንን አልወደውም።

ፋኑ ወደየት እንደሚነፍስ ግራ የገባው፦ ክንፎቹን የሚደግፉት አራት እጆች ባሉበት በኩል ነው አየር የሚወጣው። አንዳንዱ ጎኑ ላይ ቀስት አለው። ይሄን የምለው ሦስቱንም ፋን ወደ ውጭ አዙሮ የገጠመ ሰው ስላየሁ ነው። እሱም እኔ ነኝ፣ ሌላ ጊዜ አወራችኋለሁ።

ከኬዙ ጋር የሚመጡትን ፋኖች ገመዳቸውን እዩ። ጫፉ ላይ አራት ቀዳዳ ካለው ማዘርቦርዱ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ፍጥነቱን እንደ ልቡ ያስተካክለዋል። ሦስት ከሆነም አብዛኛው ማዘርቦርድ ቮልቴጁን እየቀነሰ ያዘገየዋል። ሞሌክስ የሚባለው፣ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ የሚሰካው ትልቁ ነጭ ሶኬት ከሆነ ግን ፋኑ ቀን ከሌት በአንድ ፍጥነት ነው የሚዞረው። መብራቱን በሪሞት ትቀይራላችሁ፣ ድምፁን ግን ምንም አታደርጉትም። «ስድስት ፋን በነጻ» የሚባለው ኬዝ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ከስድስት ሯጭ ሁለት ታዛዥ ይሻላል።

ፋን ለብቻው የምትገዙ ከሆነ ከወንፊትና ከፊልተር ጀርባ የሚቆመው አየር ገፍቶ ማስገባት የሚችል መሆን አለበት። የአርክቲክ ፒ12 በርካሽ ይሄን ይሠራል። የኦስትሪያው ኖክቱዋ ደግሞ የታወቀ ነው፣ ቀለሙ ማኪያቶ የተደፋበት ይመስላል፣ ዋጋውም ያስደነግጣል፣ ግን ለዓመታት ሲሠራ ድምፁን አትሰሙትም። በጀታችሁ ለአንድ ብቻ ከበቃ ይበልጥ የሚጮኸውን ቀይሩት። ማዘርቦርዳችሁ የፋን ሶኬት ካነሰው ለሁለት የሚከፍል ገመድ አለ፤ አንድ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1 አምፔር ይችላል፣ ተራ ፋን ደግሞ ከዚያ ሩቡን እንኳ አልፎ አልፎ ነው የሚወስደው።

አቧራና የዕጣን ጭስ

በጋውን ሙሉ አቧራ ነው። መንገድ የተቆፈረበት ሰፈር ከሆነማ አይወራም። ስለዚህ ፊልተር የሌለው ኬዝ አትግዙ፣ ግን ፊልተሩ እንዴት እንደሚወጣ ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። በማግኔት የሚለጠፍ ወይም እንደ መሳቢያ የሚወጣ ከሆነ በየወሩ ታጥቡታላችሁ። ብሎን መፍታት፣ ኬዙን ማጋደም፣ የፊቱን ሽፋን ማስገንጠል የሚያስፈልገው ከሆነ እመኑኝ፣ በዓመት አንዴም አታደርጉትም። የተዘጋ ፊልተር ደግሞ ከምጣድ ፊት አይለይም። የታችኛውን አትርሱ፣ ፓወር ሰፕላዩ አየር የሚስበው በእሱ በኩል ነው።

የሚገባው አየር ከሚወጣው ትንሽ ቢበልጥ ጥሩ ነው። ያኔ ትርፉ አየር በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል፣ አቧራውም በፊልተሩ በኩል ብቻ ነው መግባት የሚችለው። የሚወጣው ከበለጠ ግን ኬዙ በየቀዳዳው ያልተጣራ አየር ይስባል። ይሄን ለማየት የምጠቀምበት ዘዴ ዕጣን ነው። ማሽኑን አስነሱ፣ ዕጣኑን አጭሱና ከኬዙ ኋላ ባሉት ትንንሽ ክፍተቶች አጠገብ አድርጉት። ጭሱ ወደ ውጭ ከተገፋ መልካም፣ ወደ ውስጥ ከተሳበ የፊቱን ፋን ፍጥነት ጨምሩ ወይም የኋላውን ቀንሱ። ከፊት ስታደርጉትም ጭሱ ቀጥ ብሎ በወንፊቱ ሲገባ ታያላችሁ፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ግማሽ ሰዓት ስጫወትበት ነበር። በሉ አንድ ደቂቃ ይበቃችኋል፣ ጭሱ ውስጡ ገብቶ ይለጠፋል። በዚሁ አጋጣሚ፣ ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተር ካስቀመጣችሁ አቧራው ደረቅ አይሆንም፣ ክንፉ ላይ ሙጫ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ያዙ። ብሎወር የምትጠቀሙ ደግሞ ክንፉን በጣታችሁ ያዙት፣ እንዲሽከረከር አትልቀቁት፣ መሽከርከሪያውን ይጎዳዋል።

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

ይሄ አሰልቺ ነው ግን ካልተደረገ ያስለቅሳል። ሦስት ነገር ለኩ። አንደኛ ማዘርቦርዱ ይገባል ወይ፤ ኤቲኤክስ የሚባለው 305 በ244 ሚሊሜትር ነው፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244። ሁለተኛ የፕሮሰሰሩ ኩለር ቁመት። ትልልቆቹ ኩለሮች 160 ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው፣ የኖክቱዋ ዲ15 ደግሞ 165 ነው፤ ኬዙ ጠባብ ከሆነ የጎኑ መስታወት አይዘጋም። ሦስተኛ የግራፊክስ ካርዱ ርዝመት፣ የፊቱን ፋን ውፍረት 25 ሚሊሜትር ቀንሳችሁ። ሁሌም ለአየር ብላችሁ ሁለት ሦስት ሴንቲ ትርፍ ተዉ።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ኬዙን ብቻ ለመቀየር ያሰባችሁ ቆዩ። ከዱባይ የሚገቡት ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ አብዛኞቹ ማዘርቦርዳቸውም፣ የፓወር ሰፕላያቸው ሶኬትም፣ የፊት ማብሪያቸው ገመድም የራሳቸው ነው። አዲሱ ኬዝ ውስጥ ልክ አይገቡም። ለእነሱ የሚሻለው ውስጡን ማጽዳት፣ ፔስቱን ማደስና የጎኑን ትንፋሽ ማስከፈት ነው።

ስፖንጅ፣ ቆርቆሮና የሚንጫጫ ነገር

ስፖንጅ የተለጠፈበት ኬዝ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እንደ ፍራክታል ዲፋይን ያሉት በደንብ የታሰበባቸው ናቸው፣ ማሽናችሁ ብዙ የማይሞቅ ከሆነ፣ ጽሑፍ የምትጽፉ፣ ኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ ይመቻችኋል። ግራፊክስ ካርድ ያለበት ማሽን ላይ ግን እኔ ገንዘቤን ወንፊትና ፋን ላይ ነው የማውለው።

ቆርቆሮውን አንኳኩት። የጎኑን ብረት በጣታችሁ መታ መታ ስታደርጉት እንደ ባዶ ጣሳ ካቃጨለ ሃርድ ዲስክ ወይም ፋን ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይዘፍናል። ድፍን ያለ ድምፅ ጥሩ ነው። እግሮቹ ስር ላስቲክ መኖሩን እዩ፣ የሃርድ ዲስኩ ማስቀመጫም ላስቲክ ቢኖረው ይመረጣል። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ፣ ኤስኤስዲ ብቻ ከሆነ ያላችሁ ስለ ሃርድ ዲስኩ ያልኩትን ዝለሉት። ፋኑ ከወንፊቱ ጋር በጣም ከተጣበቀ የሚያዝም ድምፅ ይፈጥራል፤ ጣት የሚያህል ክፍተት ሲኖር ይጠፋል። ጌም ስትከፍቱ ከካርዱ የሚሰማው የጽርጽርታ ድምፅ ደግሞ ከኤሌክትሮኒክሱ ነው፣ ኬዝ ብትቀይሩ አይለቃችሁም።

ቤት ከገባ በኋላ

ብዙ ሰው ጥሩ ኬዝ ገዝቶ ማዘርቦርዱ ከፋብሪካ በመጣበት የፋን ማስተካከያ ይተወዋል። ባዮስ ውስጥ ግቡ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ነው። ፋኖቹ ከ60 ዲግሪ በታች 600 ወይም 700 ዙር ላይ ይረፉ፣ 75 ላይ ወደ 1000 ይድረሱ፣ 85 ሲሞላ እንደፈለጉ ይሩጡ። ከዚያ ፋኑ ፍጥነት ለመቀየር ሁለት ሦስት ሰከንድ እንዲጠብቅ አድርጉት፤ ብሮውዘር በከፈታችሁ ቁጥር ኡኡ ብሎ ዝም የሚለው ይሄ ስላልተስተካከለ ነው። ጆሮን የሚያናድደው ደግሞ እንዲህ የሚወጣና የሚወርድ ድምፅ ነው፣ አንድ ወጥ ከሆነማ ይረሳል። ዊንዶውስ ላይ ፋን ኮንትሮል የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የኬዙን ፋን ከግራፊክስ ካርዱ ሙቀት ጋር ያስተሳስርላችኋል፣ ጌም ለሚጫወት ሰው ልክ የሚሆነው እሱ ነው።

ሙቀቱን ስታዩ አትደንግጡ። አብዛኞቹ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች እስከ 95 ዲግሪ እንዲችሉ ሆነው ነው የተሠሩት፣ ብዙዎቹ የኢንቴል ደግሞ እስከ 100። እኔ ግን ረጅም ሥራ ላይ 80 አካባቢ ሲሆን ነው ደስ የሚለኝ። ኬዙ እየተነፈሰ መሆኑን ለማወቅ የእኔን ድንገተኛ ሙከራ ሆን ብላችሁ ድገሙት። ከባድ ሥራ ለ15 ደቂቃ አሠሩት፣ ሙቀቱን መዝግቡ፣ የፊቱን ሽፋን አውጡና ሌላ 15 ደቂቃ። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ከሆነ ኬዛችሁ ጤነኛ ነው። ከአምስት ካለፈ ያፈነው ፊቱ ነው።

ቦታውንም አስቡበት። በር ያለው የጠረጴዛ ሳጥን ውስጥ የገባ ኬዝ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይተነፍሳል። ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ የታችኛው ቀዳዳ ይታፈናል፣ ከስሩ ጣውላ አድርጉ። ከኋላ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ይበል።

እና ምጣድ ፊት ያለው ኬዝ ቀድማችሁ ከገዛችሁ? እኔ አልጣልኩትም። የፊቱን መስታወት አወጣሁ፣ ለመስኮት የሚገጠመውን የትንኝ መከላከያ የሽቦ ወንፊት ግማሽ ሜትር ገዛሁ፣ በመቀስ ልኩን ቆረጥኩ፣ በፕላስቲክ የገመድ ማሰሪያ አራቱ ጥግ ላይ አሰርኩት። ፕላስቲኩን ሳይሆን የብረቱን ወንፊት ግዙ፣ የፕላስቲኩ እየተሳበ ፋኑ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳው ሰፋ ያለውን ምረጡ። የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሆነ ዙሪያውን በጥቁር ቴፕ ሸፍኑት፤ የወንድሜ ሹራብ አንዴ ተይዞ ማሽኑን ጎትቶት ሊሄድ ነበር።